ውሻው ውሻ ብቻ ነው? የድሮ የፍላንደርስ የቤት ውስጥ ሥዕሎች እንዴት ይነበባሉ?

እስቲ አንድ ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በግራ በኩል መስኮት አለ፤ ደፉ ላይ አንድ ብርቱካን ተቀምጧል፤ ከሥሩ ባለው ሣጥን ላይ ደግሞ ሌሎች ብርቱካኖች አሉ። በቀኝ በኩል ቀይ መጋረጃ የወረደበት አልጋ ይታያል። ከጣሪያው የናስ መብራት ተንጠልጥሏል፤ ቀን ሆኖ ሳለ አንድ ሻማ ይነድበታል። ወለሉ ላይ የወለቀ የእንጨት ጫማ አለ። መሐል ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ፀጉሩ የተንጨባረረ ትንሽ ውሻ ወደ እኛ ያያል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ክብ መስታወት ተሰቅሏል። መስታወቱ ውስጥ የጥንዶቹ ጀርባና በሩ ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይታያሉ።

ይህንን ሥዕል ያን ቫን አይክ የተባለ ሠዓሊ በ1434 ሣለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የሚገኘው ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው። ቁመቱ 82 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ትልቅ የመማሪያ ክፍል ካርታ ያንሳል። በዚህች ትንሽ ሳንቃ ላይ ግን ተመራማሪዎች ለመቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩ ኖረዋል።

አንዱ መከራከሪያ ውሻው ነው። ውሻው እዚያ ምን ይሠራል? አንዳንዱ "ውሻ ታማኝ እንስሳ ነው፤ ስለዚህ በባልና ሚስት መካከል ያለውን ታማኝነት ያመለክታል" ይላል። ሌላው ደግሞ "ኧረ ተዉ! ሀብታሞች ትንንሽ ውሾች ያሳድጉ ነበር፤ ውሻው ውሻ ነው፣ በቃ" ይላል። የቱ ነው ትክክል? ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ትክክል የሆነውን የምናውቀው በምንድን ነው? ከ500 ዓመት በፊት የሞተ ሠዓሊ ምን አስቦ እንደሣለ በምን ማስረጃ መናገር እንችላለን? ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ቤትና ጓዳው ወደ ሥዕል እንዴት ገባ?

ፍላንደርስ ስንል በዋናነት የዛሬዋን ሰሜናዊ ቤልጂየም ማለታችን ነው። ብሩዥና ጌንት የጥንቷ ፍላንደርስ ከተሞች ናቸው። አንትወርፕ በዚያን ጊዜ ጎረቤቷ የብራባንት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ግን የሁሉንም ሠዓሊዎች "የፍላንደርስ" ብሎ መጥራት ለምዷል። እነዚህ ከተሞች በጨርቅ ሥራና በንግድ የበለጸጉ ነበሩ። ከጣሊያን፣ ከፖርቱጋል፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን ነጋዴዎች ይመጡባቸው ነበር።

የዚያን ጊዜ ሠዓሊዎች አንድ ትልቅ መሣሪያ ነበራቸው፤ እሱም የዘይት ቀለም ነው። ተልባን ታውቁታላችሁ አይደል? የተልባ ዘይት ከቀለም ዱቄት ጋር ሲደባለቅ በእንቁላል ከተበጠበጠ ቀለም ይልቅ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ስለዚህ ሠዓሊው ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ የቀለም ንብርብሮችን አንዱን በሌላው ላይ መቀባት ይችላል። ብርሃኑ በንብርብሮቹ ውስጥ አልፎ ከሥር ያለውን ነጭ የኖራ ድንጋይ ልባጥ ይነካና ተመልሶ ይወጣል። የናስ ድስት እንደ እውነተኛ ናስ የሚያብረቀርቀው፣ የውሻ ፀጉር አንድ በአንድ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃዎች እንዲህ እውነተኛ መስለው መሣል ሲጀምሩ፣ ተመልካቹም "ይህ ዕቃ ለምን እዚህ ተቀመጠ?" ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ ቤት ወደ ሥዕል የገባው ለቅዱሳን ማረፊያ ሆኖ ነው። ከ1420ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሣለው፣ አሁን ኒው ዮርክ የሚገኘው "የሜሮድ መሠዊያ" የተባለው ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል ጥሩ ምሳሌ ነው። መልአኩ ገብርኤል ድንግል ማርያምን የሚያበስራት በቤተ መቅደስ ሳይሆን፣ ምድጃና ረጅም አግዳሚ ወንበር ባለው የፍላንደርስ ሳሎን ውስጥ ነው። በአንደኛው ጎን ደግሞ ዮሴፍ በአናጺ መሣሪያዎቹ መካከል ተቀምጦ ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? የአይጥ ወጥመድ!

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ፒተር አርትሰን በ1551 በሣለው ሥዕል ከፊት ለፊት የምናየው የሥጋ መሸጫ ነው፤ የበሬ ጭንቅላት፣ ቋሊማ፣ ዓሣና ዶሮ ተከምሯል። ወደ ግብፅ የሚሰደዱት ቅዱስ ቤተሰብ ከኋላ በሩቁ፣ በጣም ትንንሽ ሆነው ለድሃ ምጽዋት ሲሰጡ ይታያሉ። ቀስ በቀስ ቅዱሳኑ ከሥዕሉ ወጡና ወጥ ቤቱ፣ ገበያው፣ ሰርጉና መጠጥ ቤቱ ብቻቸውን ቀሩ። ተራ ሰዎችን በዕለት ተዕለት ኑሯቸው የሚያሳየውን ይህን ዓይነት ሥዕል ባለሙያዎች "ዣንር" ይሉታል። ገዢዎቹም ተለወጡ። ለምሳሌ ኒኮላስ ዮንግሊንክ የተባለ የአንትወርፕ ነጋዴ በ1566 የፒተር ብሩገልን 16 ሥዕሎች በእጁ ይዞ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች ለሰው ቤት የተሣሉ የሰው ቤቶች ናቸው።

አንድ ታሪክ እንዴት ተገነባ? እንዴትስ ፈረሰ?

አሁን ወደ ውሻው እንመለስ። በ1934 ኤርዊን ፓኖፍስኪ የተባለ ታላቅ ጀርመናዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ስለ ቫን አይክ ሥዕል አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አሳተመ። በእሱ አነጋገር ሥዕሉ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ጥንዶቹ በዚያች ቅጽበት እየተጋቡ ነው። አንዱ ሻማ ሁሉን የሚያየው አምላክ ነው፤ የወለቀው ጫማ ቦታው የተቀደሰ መሆኑን ያሳያል፤ ውሻው ታማኝነት ነው። አልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የተቀረጸችው ቅድስት ማርጋሬት የወላዶች ጠባቂ ናት። ከመስታወቱ በላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር፣ 1434" የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ይህም የምስክር ፊርማ ነው ተባለ። ፓኖፍስኪ በኋላ ይህንን አሠራር "የተሸሸገ ምልክት" ብሎ ሰየመው፦ ዕቃው ተራ ዕቃ ይመስላል፣ ውስጡ ግን መልእክት አለ።

ታሪኩ ማራኪ ስለነበር በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። ብዙ ተመልካቾች ደግሞ የሴትየዋን ሆድ አይተው "ነፍሰ ጡር ናት" ብለው ጨመሩበት።

ችግሩ የመጣው ከመዝገብ ቤት ነው። ሥዕሉ ላይ የጥንዶቹ ስም የለም። "አርኖልፊኒ" የሚለው ስም የተገኘው ሥዕሉ ከተሣለ ከ80 ዓመት በኋላ ከተጻፈ የንብረት መዝገብ ነው። ፓኖፍስኪ ሰውየውን ጆቫኒ ዲ አሪጎ አርኖልፊኒ፣ ሴትየዋን ደግሞ ጆቫና ቼናሚ ብሎ ነበር። በ1997 ግን ዣክ ፓቪዮ የተባለ ተመራማሪ እነዚህ ሁለት ሰዎች የተጋቡት በ1447 መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ይፋ አደረገ። አስሉት፦ ሥዕሉ የተሣለው በ1434፣ ቫን አይክ የሞተው በ1441፣ ሰርጉ የተደረገው በ1447! ሠዓሊው ከሞተ 6 ዓመት በኋላ ለተደረገ ሰርግ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ሰውየው የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነው ሌላው ነጋዴ፣ ጆቫኒ ዲ ኒኮላዎ፣ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የእሱ ሚስት ኮስታንዛ ትሬንታ ደግሞ ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት፣ በ1433፣ በሕይወት እንዳልነበረች ከእናቷ ደብዳቤ ይታወቃል። እንግዲህ ሴትየዋ ስማቸው ያልተመዘገበ ሁለተኛ ሚስት ናት፣ ወይም ደግሞ ሥዕሉ የሞተችው ሚስት መታሰቢያ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ያቀረበችው ማርጋሬት ኮስተር የተባለች ተመራማሪ በ2003 ነበር። ማስረጃ ብላ ካነሣቻቸው አንዱ እንደገና ሻማው ነው፦ የሚነደው ሻማ ከባልየው በላይ ነው፤ ከሚስትየው በላይ ያለው የሻማ ማስቀመጫ ግን የቀለጠ ሰም ብቻ ቀርቶበታል።

አያችሁ? ያው ሻማ። አንድ ጊዜ ለሰርግ፣ ሌላ ጊዜ ለሐዘን ምስክር ሆኖ ቆመ። ዕቃ ብቻውን እንድንለው የፈለግነውን ሁሉ ይላል፤ ደጋፊ ማስረጃ ካላገኘ ምስክርነቱ አይጸናም።

ስለ ሆዷም ነገሩ እንዲሁ ነው። የለበሰችው ቀሚስ ብዙ ጨርቅ የፈሰሰበት ነው፤ ሴትየዋ እሱን ሰብስባ ከፊቷ ይዛዋለች። በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ድንግል የሆኑ ቅዱሳት ሴቶችን እንኳ በዚሁ ቅርጽ ይሥሉ ነበር፤ ፋሽኑ ነው። አልጋውስ? በጊዜው የሀብታሞች ቤት ውስጥ አልጋ በእንግዳ መቀበያ ክፍል መዘርጋቱ የተለመደ ነበር። ብርቱካኖቹም ከሩቅ አገር የሚመጡ ውድ ፍራፍሬ ስለነበሩ ቢያንስ አንድ ነገር በግልጽ ይናገራሉ፦ "እኛ ገንዘብ አለን" ይላሉ።

ከቀለሙ ሥር ምን አለ?

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከፊዚክስ ነው። ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ የተባለ ጨረር አለ። ይህ ጨረር ብዙዎቹን የቀለም ዓይነቶች አልፎ ይገባል፤ ሠዓሊው መጀመሪያ የነደፈበት ጥቁር ካርቦን ላይ ሲደርስ ግን ይዋጣል። ስለዚህ በልዩ ካሜራ ሲነሣ ከቀለሙ ሥር የተደበቀው ንድፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሠዓሊው መጀመሪያ እጁን የት እንዳስቀመጠ፣ ኋላ ደግሞ ምን እንዳዛወረ ማየት ይቻላል። ልክ የተማሪ ደብተር ላይ የተሰረዘውን እንደማንበብ ነው።

የለንደኑ ሥዕል በዚህ መንገድ ሲመረመር ወንዱ፣ ሴቷና ክፍሉ ከሥራቸው ንድፍ ተገኘላቸው። ውሻው፣ የወለቁት ጫማዎችና የናሱ መብራት ግን ንድፍ የላቸውም። ቫን አይክ እነሱን የጨመራቸው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ኋላ መጨመራቸው ትርጉም የላቸውም ማለት አይደለም፤ ሰው አስቦበትም ኋላ ይጨምራል። ነገር ግን "እያንዳንዱ ዕቃ ከመጀመሪያው በአንድ ምስጢራዊ ዕቅድ ተቀምሯል" የሚለውን ሐሳብ ያዳክመዋል። በአንጻሩ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያሉት አሥር ትንንሽ ክብ ሥዕሎች የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳዩ ናቸው። እዚህ ግምት አያስፈልግም፤ ሃይማኖታዊ መልእክቱ በግልጽ ተሥሏል። አንዱ ዕቃ በይፋ ይናገራል፤ ሌላው ግን እኛ እናናግረዋለን።

ሚዛኑ ይናገራል፤ ፖሙስ?

አሁን ደግሞ ወደ አንትወርፕ እንሂድ። ክዊንተን ማሲስ በ1514 የሣለው፣ ፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘው ሥዕል ገንዘብ መንዛሪ የሆነ ባልና ሚስቱን ያሳያል። ባልየው በትንሽ ሚዛን ሳንቲም ይመዝናል። ሚስትየው የጸሎት መጽሐፍ ይዛለች፤ ገጹን ስትገልጥ የማርያምና የሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕል ይታያል። ዓይኗ ግን መጽሐፉ ላይ አይደለም፤ ወርቁ ላይ ነው! ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ፖም፣ የጠፋ ሻማ፣ ብርጭቆና መቁጠሪያ አለ።

ሳንቲም መመዘኑ መጀመሪያ ተራ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን የሳንቲም ዋጋ በውስጡ ባለው ወርቅ ወይም ብር ይወሰን ነበር። ሳንቲሙ በብዙ እጅ ሲያልፍ ያልቃል፤ አጭበርባሪዎችም ጠርዙን ይቆርጡታል። የብዙ አገር ገንዘብ በሚዘዋወርባት አንትወርፕ ሳይመዝኑ መቀበል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሙያ ዕቃ ነው፤ እንደ ዛሬ የሱቅ ካልኩሌተር ማለት ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ምልክትም ነው? እዚህ ላይ ጠንካራ ማስረጃ አለን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሉን ያየ ጸሐፊ እንደመዘገበው የሥዕሉ ፍሬም ላይ ከኦሪት ዘሌዋውያን የተወሰደ፣ ሚዛንና መመዘኛ ትክክለኛ እንዲሆን የሚያዝ ቃል ተጽፎ ነበር። ፍሬሙ ዛሬ ጠፍቷል፤ መዝገቡ ግን ቀርቷል። ያንን ስናውቅ ሚዛኑ ሁለት ሥራ መሥራቱ ገባን፦ ሳንቲሙን ይመዝናል፣ ሰውየውንም ይመዝናል። የሚስትየው ዓይን ከመጽሐፉ ወደ ወርቁ መሄዱም ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ፖሙስ? ብዙዎች የአዳምና የሔዋንን ኃጢአት ያስታውሳል ይላሉ። የጠፋው ሻማ ደግሞ ሞትን። ሊሆን ይችላል፤ መንፈሳዊ ቃል በፍሬሙ ላይ ያለው ሥዕል ለእንዲህ ዓይነት ሐሳብ በር ይከፍታል። ግን ማስረጃው እንደ ሚዛኑ ጠንካራ አይደለም። ጥሩ አንባቢ "ሚዛኑ ላይ እርግጠኛ ነኝ፤ ፖሙ ላይ ይመስለኛል" ብሎ ሁለቱን ይለያል።

የዮሴፍን የአይጥ ወጥመድም አልረሳነውም። በ1945 ሜየር ሻፒሮ የተባለ ምሁር ከቅዱስ አውግስጢኖስ ስብከቶች ውስጥ አንድ ምሳሌ አነሣ፤ እሱም የክርስቶስ መስቀል ለዲያብሎስ የተጠመደ የአይጥ ወጥመድ ነበር የሚል ነው። ያ ስብከት ባይኖር ኖሮ ወጥመዱ የአናጺ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ጽሑፉ ሲገኝ ግን ሥዕሉን የሚከፍት ቁልፍ ሆነ።

ከመቶ በላይ ተረቶች በአንድ መንደር

ቁልፉ ሁልጊዜ ከመጽሐፍ አይገኝም። አንዳንዴ ከሰው አፍ ነው የሚገኘው።

አንድ የውጭ አገር ሰው የሚከተለውን ሥዕል አየ እንበል፦ ጅብ በሩቁ ኮረብታውን አልፎ ይሄዳል፤ ደጅ ላይ ያለ ውሻ አሁን ገና ይጮኻል። እንግዳው "የምሽት ትዕይንት ነው" ብሎ ያልፋል። እናንተ ግን ፈገግ ትላላችሁ፤ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለውን ተረት ታውቁታላችኋ! ሥዕሉን የፈታላችሁ ዓይናችሁ ሳይሆን ቋንቋችሁ ነው።

ፒተር ብሩገል በ1559 በሣለውና በርሊን በሚገኘው "የኔዘርላንድ ተረቶች" በተባለው ሥዕል ፊት ስንቆም ያ እንግዳ ሰው እኛ ነን። በአንድ መንደር ውስጥ ከመቶ በላይ ተረቶች በሰው ተመስለው ይርመሰመሳሉ። አንድ ሰው በአካፋ ጉድጓድ ይደፍናል፤ ጥጃው አስቀድሞ ገብቶበታል። ይህ የእነሱ "ጅብ ከሄደ" ነው። ሌላው የፈሰሰ ገንፎ ሊሰበስብ ይታገላል፤ እኛ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" እንላለን። አንዱ ደግሞ በሁለት ወንበሮች መካከል አመድ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም ፈልጎ አንዱንም ያላገኘ ሰው ነው። እኛ አገር "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" ይባላል። ሌላው ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያላጋል። አንዱ ቤት ላይ ደግሞ ዓለም በሉል ተመስላ ተዘቅዝቃ ተሰቅላለች።

መሐል ላይ አንዲት ወጣት ሴት ለባሏ ሰማያዊ ካባ ታለብሰዋለች። ያለ ቁልፍ ስናየው እንዴት ያለች አሳቢ ሚስት ናት! በፍላሚሽ ግን "ለባሏ ሰማያዊ ካባ አለበሰችው" ማለት በላዩ ላይ ሌላ ወንድ ወደደች፣ አታለለችው ማለት ነው። ፍቅር መስሎን የነበረው ክህደት ሆኖ አረፈው።

ይህንን በግምት አላገኘነውም። ብሩገል ከመሣሉ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፍራንስ ሆገንበርግ የተባለ ባለሙያ ተመሳሳይ የተረቶች ሥዕል በመዳብ ቀርጾ አትሞ ነበር፤ በእሱ ላይ ከእያንዳንዱ ትዕይንት አጠገብ ተረቱ ተጽፏል። ዘመኑም ተረት የሚሰበሰብበት ዘመን ነበር፤ የሮተርዳሙ ምሁር ኤራስመስ ያሰባሰበው የግሪክና የላቲን ምሳሌያዊ አነጋገር በመጨረሻው እትም ከ4000 በላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የብሩገልን ሥዕል በተረት ማንበብ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ራሳቸው ያነቡት የነበረው እንደዚያ ነው።

አያት ሲዘፍኑ፣ የልጅ ልጅ ዋሽንት ሲነፋ

አንድ የመጨረሻ ቤት እንግባ። የአንትወርፑ ያኮብ ዮርዳንስ በ1638 የሣለው ሥዕል ዛሬም እዚያው ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ሦስት ትውልድ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስቧል። አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ከወረቀት እያነበቡ ይዘፍናሉ፤ ሽማግሌውም ያጅባሉ። አንዱ ጉንጩን ነፍቶ ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወታል፤ ልጆቹም እንደ አቅማቸው ይነፋሉ። ቤቱ ሞቅ ብሏል።

ደስ የሚል የቤተሰብ በዓል ነው፤ እውነትም ነው። ግን ዮርዳንስ ራሱ ከላይ ተረቱን ጽፎበታል፤ ሐሳቡ "ትልልቆቹ እንደዘፈኑ ትንንሾቹም እንዲሁ ይነፋሉ" የሚል ነው። "መንፋት" የሚለው ቃል በእነሱ ቋንቋ ማፏጨትንም ዋሽንት መንፋትንም ይሸፍናል፤ ልጆቹ እጅ ላይ የትንፋሽ መሣሪያ የገባው በዚህ የቃላት ጨዋታ ነው። ከሰሜኑ ጎረቤት የመጣው ገጣሚ ያኮብ ካትስ ይህንኑ ተረት በ1632 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ለወላጆች ምክር አድርጎት ነበር። "እናቷን አይተህ ልጇን አግባ" በሚባልበት አገር ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፦ ልጅ የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ነው።

ሥዕሉ ይቆጣል ወይስ አብሮ ይጨፍራል? ሁለቱንም ይመስላል። ዮርዳንስ ደጋግሞ የሣለው ርዕስ ስለሆነ ገዢዎቹ ወደውት ነበር ማለት ይቻላል። ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው በምሳ ሰዓት እየሳቁ ራሳቸውን ሲያዩበት መገመት አይከብድም።

ጥርጣሬም ቦታ አለው

ሁሉም ምሁር ግን በምልክት ፍለጋ አይስማማም። ክርክሩ በጣም የጋለው ስለ ጎረቤት ሆላንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ነበር። ኤዲ ደ ዮንግ የተባለ ምሁር በ1976 አምስተርዳም በተዘጋጀ ትልቅ ዐውደ ርእይ የቤት ውስጥ ሥዕሎች በዘመኑ የምክር መጻሕፍት ሊፈቱ የሚችሉ ትምህርቶች መሆናቸውን አሳየ። ስቬትላና አልፐርስ ደግሞ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ተቃወመች፦ እነዚያ ሰዎች አጉሊ መነጽርና ካርታ የሚወዱ፣ ዓለምን በጥንቃቄ ማየት የሚያስደስታቸው ነበሩ፤ ሥዕሉ የሚገልጸው የሚታየውን ዓለም ራሱን ነው አለች።

ይህ ክርክር ለፍላንደርስም ይጠቅማል። አንድ ናስ ድስት "ንጽሕና ማለት ነው" ብለን በቶሎ ስናልፈው፣ ሠዓሊው ብርሃኑ በናሱ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ለማሳየት የደከመውን ድካም ሳናየው እንቀራለን። ፓኖፍስኪ ራሱም ቢሆን ምልክት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅ ከባድ መሆኑን አምኖ፣ መድኃኒቱ የታሪክ ምርመራና ጤናማ አእምሮ ነው ብሎ ነበር።

ሌላው ወጥመድ የራሳችንን ትርጉም ይዘን መሄድ ነው። ጉጉት በዛሬው የልጆች መጽሐፍ የጥበብ ምልክት ናት፤ በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ መጥፎ ወሬ ታመጣለች ይባላል። በድሮዎቹ ፍላንደርሶች ዘንድ ግን ቀን ቀን አታይም ተብሎ ይታመን ስለነበር ብዙ ጊዜ የሞኝነትና የስካር ምልክት ነበረች። መጠጥ ቤት በሚያሳይ ሥዕል ውስጥ ጉጉት ካያችሁ "እዚህ ጠቢብ ሰው አለ" ብላችሁ እንዳትሸወዱ!

እናንተስ እንዴት ታነባላችሁ?

የእነዚህን ሥዕሎች ጥራት ያላቸው ፎቶዎች በየቤተ መዘክሮቹ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። አንዱን ከፍታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና እነዚህን ጠይቁት፦

1. በዚያ ዘመን ይህ ዕቃ በማንኛውም እንዲህ ያለ ቤት ይገኝ ነበር? አልጋው በሳሎን እንደነበረው ከሆነ በቶሎ ምልክት አትበሉት።

2. ቦታው እንግዳ ነው? በቀን የበራ ሻማ፣ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሉል፣ ከጸሎት መጽሐፍ የሸሸ ዓይን ካለ ቆም በሉ።

3. ጽሑፍ አለ? ሥዕሉ ላይ፣ ፍሬሙ ላይ፣ ወይም በዘመኑ ሰዎች መጽሐፍ ውስጥ ፈልጉ።

4. በእነሱ ቋንቋ ተረት ወይም አባባል አለው? ሰማያዊውን ካባ አስታውሱ።

5. ሐሳቤን ሊያፈርሰው የሚችል ማስረጃ ምንድን ነው? አንድ የጋብቻ ሰነድ የስንት ዓመት ታሪክ እንዳፈረሰ አይተናል።

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ሥዕል ማንበብ ሳይንስ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ ሐሳባችሁ ትክክል ካልሆነ በምን እንደምታውቁት አስቀድማችሁ መናገር አለባችሁ። ያን ማድረግ ካልቻላችሁ የያዛችሁት ግምት ነው። ግምት መያዝ ነውር የለውም፤ ስሙን ግን "ግምት" በሉት።

ውሻውስ? ውሻው በእርግጠኝነት የምናውቀው ይህን ያህል ነው፦ የሀብታም ቤት ውሻ ነው፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ተጨምሯል፣ እያንዳንዱ ፀጉሩ በትዕግሥት ተሥሏል። ታማኝነትን ያመለክታል የሚለው ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ የሚያጸናው ጽሑፍ ግን እስካሁን አልተገኘም። አንድ ቀን ከአንድ መዝገብ ቤት አንድ ወረቀት ሊወጣ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ውሻው ወደ እኛ እያየ ይቆያል።